ናኖ ክሪስታሎች ሳይቀልጡ የሚዋሃዱበት «አቅጣጫን የጠበቀ ቁርኝት» ምንድን ነው?

ሊድ ሴሌናይድ የተባለው ሰሚኮንዳክተር የሚቀልጠው በ1,078 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስፋታቸው 5 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በሆኑ ቅንጣቶች፣ ማለትም በናኖ ክሪስታሎች መልክ ሲሠራ ግን፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቅንጣቶች ከ100 ዲግሪ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ይዋሃዳሉ። የአንዱ የአቶም ረድፍ ከሌላው ረድፍ ጋር ገጥሞ መጋጠሚያው ይጠፋል፤ ሁለቱ አንድ ክሪስታል ይሆናሉ። አቅጣጫን የጠበቀ ቁርኝት የሚባለው ይህ ነው። ተመራማሪዎቹ ሊ ፔን እና ጂሊያን ባንፊልድ በ1998 በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅንጣቶች ላይ ካሳዩት ወዲህ በብዙ ቁሶች ታይቷል። ትንንሾቹ እየሟሙ አቶሞቻቸው ወደ ትልልቆቹ ከሚሄዱበት እድገት የተለየ ነው፤ እዚህ የሚገናኙት ሙሉ ቅንጣቶች ናቸው።

ምክንያቱ ከስሌት ይገኛል። 5 ናኖሜትር የሆነ ቅንጣት ወደ 2,300 አቶሞች ሲኖሩት፣ ሲሶ ያህሉ ላይኛው ሽፋን ላይ ናቸው። እነዚህ በአንድ ወገን ጎረቤት ስለሌላቸው እስራቸው የላላ ነው፤ በትንሽ ሙቀትም ቦታ ይለውጣሉ። ሁለት ቅንጣቶች ሙሉ በሙሉ ተዋህደው 6.3 ናኖሜትር የሆነ አንድ ሉል ቢፈጥሩ የገጻቸው ስፋት በ20 በመቶ ይቀንሳል። ገፊው ኃይል ይኸው ነው።

ታዲያ ብልቃጥ ውስጥ ለምን አይዋሃዱም? ርዝመቱ ወደ 2 ናኖሜትር የሆነ የኦሊክ አሲድ (ገጻቸው ላይ የሚጣበቅ የስብ አሲድ) ሽፋን ስለሚያራርቃቸው ነው። ሽፋኑ ግን ሁሉም ገጽ ላይ እኩል አይጠብቅም። ቅንጣቱ ማዕዘኖቹ እንደተቆረጡ ኩብ ነው፤ ሽፋኑ ሊድ በሚበዛባቸው፣ የኩቡ ማዕዘን ተቆርጦ በሚፈጠሩት ገጾች ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ በኩቡ ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ይላላል። ስለዚህ ቀድመው የሚራቆቱት ጠፍጣፋዎቹ ናቸው፤ ቅንጣቶቹም በእነሱ በኩል ተያይዘው አራት ማዕዘን መረብ ይሠራሉ። ሙቀቱ ሽፋኑን ያላላል፣ የገጹን አቶሞች ያንቀሳቅሳል። ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው፣ ጥቂት ዞረው፣ ጠባብ «አንገት» ያበጃሉ፤ የገጽ አቶሞች ወደ አንገቱ ጎድጓዳ ክፍል እየፈለሱ ያወፍሩታል። አቅጣጫቸው በመጠኑ ከተዛባ በመጋጠሚያው ላይ የረድፍ ጉድለት ይቀራል። ጠርዙ ቅርብ ስለሆነ ይህ ጉድለት ብዙ ጊዜ ተገፍቶ ይወጣል፤ በጣም ከተዛቡ ግን ይቆያል።

ለዚህ ነው ጀማሪዎች ሙቀቱን ከመጨመራቸው በፊት አጠባቸውን ይፈትሹ የምንለው። ነፃ ኦሊክ አሲድ ከተረፈ ቅንጣቶቹ አይገናኙም። በሜታኖል ደጋግመው ካጠቡ ደግሞ ማዕዘኖቹም ይራቆታሉ፤ ቅርጽ የሌለው ክምር ያገኛሉ። አሴቶናይትራይል ለስለስ ያለ ነው። የታጠበውን በቶሉዊን አቅጥነው በካርቦን ፊልም ላይ አንድ ንብርብር ብቻ እንዲቀር ያንጠባጥቡ። መጠናቸው እርስ በርስ ከ10 በመቶ በላይ የሚለያይ ቅንጣቶች ሥርዓት ያለው መረብ አይሰጡም። ሥራው ሁሉ ናይትሮጅን በተሞላ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ኦክስጅን ገጹን ይለውጠዋል፣ የተለወጠ ገጽም አይገጥምም። ከ50 ዲግሪ ተነሥተው በየ10 ዲግሪው 15 ደቂቃ ይቆዩ። በፍጥነት ካሞቁ መረቡ ሽፋኑ ሲለቅ በሚመጣው መኮማተር ይሰነጠቃል።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እያዩ የሚያሞቁ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ፦ ጨረሩ ራሱ ሽፋኑን ያነሣል። በናሙናው ላይ ጨረር ያልነካው ቦታ ይተዉና መጨረሻ ላይ ብቻ ይዩት። እዚያ ውህደት ከሌለ ያዩት የሙቀት ሳይሆን የጨረር ውጤት ነው።

ከመዳብ በሚወጣ ኤክስሬይ ሲለካ፣ ክሪስታሉ ጨረሩን አጠንክሮ በሚመልስበት በ29 ዲግሪ ማዕዘን አካባቢ በግራፉ ላይ ያለው ጉብታ ከ5 ናኖሜትር ቅንጣት 1.6 ዲግሪ ያህል ይሰፋል፤ የክሪስታሉ ርዝመት 10 ናኖሜትር ሲሆን ወደ 0.8 ይጠባል። ጉብታው ሳይጠብ ቅንጣቶቹ ብቻ ከተቀራረቡ የተገኘው መጠጋጋት ነው፣ ውህደት አይደለም።

የት ማቆም እንዳለበት የሚወስነው የሚፈለገው ነገር ነው። 5 ናኖሜትር የሆነ ሊድ ሴሌናይድ ብርሃን የሚቀበልበት የኃይል ክፍተት (ለመቀበል የሚያስፈልገው ትንሹ የብርሃን ኃይል) 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ ሁለቱ ወደ አንድ 6.3 ናኖሜትር ሉል ከጠቀለሉ ወደ 0.7 ይወርዳል፣ ያለ ገደብ ካደገም ወደ 0.28 ይጠጋል። ኤሌክትሮን ከቅንጣት ወደ ቅንጣት እንዲያልፍ ቀጭን አንገት ይበቃል። አንገቱ እንደ ቅንጣቱ ከወፈረ ግን በመጠን የተገኘው ባሕርይ አብሮ ይሄዳል፤ ማቀዝቀዝም አይመልሰውም።