የቀረጥ አቤቱታ፦ የማህበሩ የትኛው፣ የድርጅቱ የትኛው?

በኮምቦልቻና ደሴ ያሉ የብረታ ብረት ድርጅቶች «ቀረጥ በዛብን፣ የዘርፉ ማህበር ይጻፍልን» ሲሉ ሁለት ጉዳዮች ይደባለቃሉ። አንዱ የቀረጥ ምጣኔ፣ ማለትም የመቶኛው መጠን ነው፤ የሚመለከተው የገንዘብ ሚኒስቴርን ሲሆን ጥያቄውም የዘርፉ ስለሆነ ማህበሩ በጋራ ያቀርበዋል።

ሌላው የምደባ ነው፤ ዕቃው በተሳሳተ የታሪፍ ቁጥር (ጉምሩክ ዕቃውን ለይቶ ቀረጡን በሚወስንበት መለያ) ከተመደበ አቤቱታውን ለጉምሩክ የሚያቀርበው አስመጪው ራሱ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቅይጥ ያልሆነ ጥቁር (ያልተለበጠ) ላሜራ፣ በሙቀት የተዳመጠው፣ ወርዱ 600 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በ72.08 ይመደባል፤ ካነሰ ወደ 72.11 ይሄዳል። ሰፊው ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ደግሞ 72.10 ነው። ኢንቮይሱ «የብረት ላሜራ» ብቻ ካለ የጉምሩክ መርማሪው በምን ይለያል? ወርዱ፣ ውፍረቱና ልባጡ በኢንቮይሱም በፓኪንግ ሊስቱም ላይ ሳይለያይ ይጻፍ። ዕቃው ከመጋዘን ከወጣ በኋላ ማስረዳት እጅግ ይከብዳል።

ለማህበሩ ሲመጡ የዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የቀረበው የዕቃ መግለጫ) ቅጂ፣ የታሪፍ ቁጥሩን፣ የዓመት ፍጆታዎን በቶን ይዘው ይምጡ። በተለይ የጥሬ ዕቃው ቀረጥ ተሠርቶ ከሚገባው ዕቃ ቀረጥ የሚበልጥ ከሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያቅርቡ፤ ከዚህ የጠነከረ መከራከሪያ የለም።