የካፐንጉሪያ ችሎት

ካፐንጉሪያ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ የምትገኝ ከተማ ናት። የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ጆሞ ኬንያታን ከአምስት ጓዶቻቸው ጋር የፈረደባቸው እዚያ ነው። አምስቱ ቢልዳድ ካጊያ፣ ፍሬድ ኩባይ፣ ፖል ንጌይ፣ አቺየንግ ኦኔኮና ኩንጉ ካሩምባ ናቸው።

ገዥው ኤቨሊን ቤሪንግ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ስድስቱም ወዲያው ታሰሩ። ክሱ “ማው ማው የተባለውን የታገደ ማኅበር መርታችኋል” የሚል ነው። ማው ማው አባላቱን በመሐላ የሚያስተሳስር፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሳ ምስጢራዊ ንቅናቄ ነበር። ኬንያታ ግን ከመታሰራቸው ሁለት ወር በፊት ኪያምቡ ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ ማው ማውን አውግዘው ነበር።

ናይሮቢ እያለ ለምን ካፐንጉሪያ? ሕዝብ እንዳይሰበሰብ ነዋ! ቦታው ሩቅ ነው፤ ባቡር አይደርስበትም። ችሎቱ የተቀመጠው በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ጠበቆቹ የሚያድሩት ኪታሌ በምትባል ሌላ ከተማ ስለነበር በየቀኑ ይመላለሱ ነበር። ዋናው ጠበቃ እንግሊዛዊው ዴኒስ ፕሪት ሲሆኑ፣ ከጃማይካ ዱድሊ ቶምፕሰን፣ ከናይጄሪያ ኤች ኦ ዴቪስ፣ ከሕንድ ቻማን ላል አብረዋቸው ቆሙ። በአንድ ቀንበር ሥር የነበሩ ሕዝቦች እንዲህ ሲደጋገፉ ማየት ልብ ይነካል።

ዳኛው ራንስሊ ታከር ከጡረታ የተጠራ ነው። ለዚህ ሥራ 20,000 ፓውንድ ተከፍሎታል። ይህ ብቻውን ፍርዱን ያረክሰዋል።

የክሱ ምሰሶ ሮውሰን ማቻሪያ የሚባል ምስክር ነበር። ኬንያታ በ1950 ሰዎችን የማው ማው መሐላ ሲያስምሉ አይቻለሁ አለ። አስር የመከላከያ ምስክሮች ይህን አስተባበሉ። ታከር አስሩን ትቶ አንዱን አመነ፤ ይህንንም ለማድረግ እንዳላመነታ በፍርዱ ላይ ጽፏል። በ1958 ማቻሪያ ምስክርነቱ የተገዛ እንደነበር በመሐላ አረጋገጠ። እንግሊዝ አገር የመማር ዕድልና ከዚያ ሲመለስ ሥራ ቃል ተገብቶለት ነበር። አስተዳደሩ ጉዳዩን እንደገና በማየት ፈንታ ማቻሪያን “በሐሰት ምለሃል” ብሎ አሰረው። የተቀጣው በኬንያታ ላይ በሰጠው ምስክርነት ሳይሆን ያንን በማፍረሱ ነው።

ሚያዝያ 8 ቀን 1953 ስድስቱም ሰባት ዓመት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈረደባቸው። ኦኔኮን የይግባኝ ፍርድ ቤት ነፃ ቢላቸውም አስተዳደሩ አልለቀቃቸውም። ኬንያታ የታሰሩት ለኢትዮጵያ ድንበር በምትቀርበው በሎኪታውንግ ነው። የሚገርመው፣ በ1935 ለንደን ውስጥ ጣሊያንን በመቃወም ለኢትዮጵያ ከቆሙት አፍሪካውያን አንዱ እሳቸው ነበሩ።

በነሐሴ 1961 ተለቀቁ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ኬንያ ነፃ ስትወጣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ እሳቸው ነበሩ። ኦኔኮና ንጌይም ሚኒስትር ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ኦኔኮ ከኬንያታ ጋር በፖለቲካ ተለያዩ። በ1969 የኬንያታ መንግሥት ያለ ፍርድ አሰራቸው፤ የተፈቱት በ1975 ነው።