አንደርቶን ምንድን ነው? መቅላትና መጥቆር አይደለም

«ቀይ ሰው ኩል (ቀዝቃዛ) ነው፤ ጠይምና ጥቁር ሰው ዋርም (ሞቃት) ነው።» ይህን አባባል ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ። የሚሄድባችሁን የልብስ ቀለም እንምረጥላችሁ በሚሉ ቪዲዮዎች ሁሉ ይነገራል፣ ከዚያ ልብስ ለማሰፋት የሚመጣው ሰው ይዞት ሱቄ ይገባል። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ጭራሽ «አንደርቶን ማለት የቆዳሽ ቀለም ነው፣ መስታወት ማየት ይበቃል» ብሎ ደመደመ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ራሱ ባላስፈለገ ነበር።

ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ስንል የምንለካው አንድ ነገር ነው። ቆዳው ምን ያህል ጠቁሯል ወይም ፈክቷል? አንደርቶን ሌላ ጥያቄ ነው። ከዚያ ጥቁረት ወይም ቅላት ውስጥ የሚታየው ጥላ ወዴት ያደላል? ወደ ቢጫና ወርቃማ ካደላ ዋርም፣ ወደ ሮዝና ሰማያዊ ካደላ ኩል ይባላል። መሃል ላይ ያለው ኒውትራል ነው፤ እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ እዚያ ናቸው።

ይህ የሚሆነው ቆዳችንን የሚያቀልመው ነገር አንድ ብቻ ስላልሆነ ነው። ወደ ጥቁርና ቡኒ የሚሄደው ዩሜላኒን አለ። ወደ ቢጫና ቀይ የሚሄደው ፌኦሜላኒን አለ። ከስር ደግሞ የደማችን ቅላት አለ። እኩል የጠቆሩ ሁለት ሰዎች ቅልቅላቸው ሊለያይ ይችላል። ፀሐይ ስታጠቁረንም ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው ጥቁረቱ ነው፤ ጥላው ያው ይቆያል።

ቅኝትን አስቡ። አንዱ ትዝታን በወፍራም ድምፅ ይዘፍናል፣ ሌላዋ በቀጭን። ሁለቱም ትዝታ ነው። ድምፁ ስለወፈረ ባቲ አይሆንም። መጥቆርና መቅላት የድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ነው፤ አንደርቶን ቅኝቱ ነው። ልብሱ ደግሞ ክራሩ። ክራሩ በባቲ ተቃኝቶ ዘፋኟ በትዝታ ከገባች፣ ክራሩም ደህና፣ እሷም ደህና፣ አንድ ላይ ግን ጆሮ ይረብሻል። ጥፋቱ የዘፋኟ ድምፅ አይደለም። ታዲያ «ይሄ ቀለም ያጠቁረኛል፣ እኔ ጥቁር ስለሆንኩ ነው» ብላ ራሷን የምትወቅስ ልጅ ሳይ የምናደደው ለዚህ ነው። የሚቃኘው ክራሩ ነው። መቃኘት ማለት ደግሞ ክራሩን መጣል አይደለም፣ ክሩን ጠበቅ ወይም ላላ ማድረግ ነው። ቀይ አልሄደብሽም? ቀይን አትተዪ። የቲማቲሙን ቀይ ትተሽ የቀይ ስሩን ሞክሪ። የመጀመሪያው ወደ ብርቱካን ያደላል፣ ሁለተኛው ወደ ሐምራዊ። አረንጓዴም፣ ቡኒም፣ ሰማያዊም እንዲሁ ሁለት ሁለት መልክ አላቸው።

ሱቄ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ነው። ሁለት እህትማማቾች ለዘመድ ሰርግ ሚዜ ሊሆኑ ጨርቅ ይዘው መጡ። ታላቅየዋ ቀይ፣ ታናሽየዋ ጠይም። «እትዬ፣ ሐምራዊው ለእሷ፣ ሰናፍጩ ለኔ ነው» አለች ታናሽየዋ፤ ቪዲዮው ያለው እንደዚያ ነው። ደጅ አወጣኋቸውና ሰናፍጩን ታናሽየዋ አንገት ስር ዘረጋሁት። ከንፈሯ ዙሪያ ግራጫ ጥላ ወጣ፣ ዓይኗ ስር ጠቆረ፣ ያልተኛች መሰለች። ጨርቁን ወደ ታላቅየዋ ሳዞረው ፊቷ አንድ ወጥ ሆነ፤ አገጯ ላይ የነበረው የብጉር ምልክት እንኳ ደበዘዘ። ሐምራዊውን ስንሞክር ተገላቢጦሽ። ለካ ቀይዋ ዋርም፣ ጠይሟ ኩል ኖራለች። ተቀያየሩ፣ ሰፋሁላቸው።

ጨርቅ የሰውን ፊት እንዴት ይለውጣል ለሚል መልሱ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ፓሪስ ውስጥ የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ መጣለት። ማቅለሚያውን ሲመረምር ችግር የለበትም። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። ይህን ሰፋ አድርጎ ያሳተመው በ1839 እ.ኤ.አ. ነው። ዓይናችን አንድን ቀለም ለብቻው አያይም፣ ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚያየው። የፊት ጎረቤት ደግሞ አንገት ላይ ያለው ጨርቅ ነው።

መጥቆርና መቅላት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ጨርቁ ከቆዳችሁ ጋር ምን ያህል ይራራቅ የሚለውን ይወስናል። ከቆዳው ጋር በጥቁረትም በጥላም በጣም የተቀራረበ ጨርቅ ፊትን ይውጠዋል። ግን ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። «ጥቁር ሰው ደማቅ ቀለም አይልበስ» የሚለው ግን ከሁለቱም ጥያቄ አይወጣም። ከየትም አልመጣም፣ ሰው ማሸማቀቂያ ነው።

የደም ስር ፈተናውን ብዙ አትመኑት። አረንጓዴ ከሆነ ዋርም፣ ሰማያዊ ከሆነ ኩል ይላሉ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደም ስሩ በደንብ ላይታይ ይችላል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የገነነው፣ ሰውን እንደ መልኩ በአራቱ ወቅቶች ስም የሚከፍለው ምድብም ከፀጉርና ከዓይን ቀለም ልዩነት ብዙ ይጠብቃል። የአብዛኞቻችን ፀጉርና ዓይን ጥቁር ነው፣ ስለዚህ አብዛኞቻችንን «ዊንተር» (ክረምት) ብሎ ያልፈናል።

ይልቅ ብርሃኑን ተጠንቀቁ። እኛ ሰፈር ሱቁ ሁሉ ፊት ለፊቱ ሰማያዊ ሸራ ወጥሯል። ከሸራው ስር የቆመ ሰው ሁሉ ኩል ይመስላል። ቢጫ አምፖል ስር ደግሞ ሁሉም ዋርም ነው። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ደጅ፣ ጥላ ውስጥ ሆናችሁ እዩ። ወደ 12 ሰዓት ማምሻ ላይ አትሞክሩት፣ ፀሐይዋ ራሷ ቀልታለች።

የሀበሻ ልብስም ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወደ ክሬም ያደላል፣ ዋርም የሆነን ፊት ያፈካል። ነጭነቱን የሚያጎላ ኬሚካል የገባበት የፋብሪካ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ሰማያዊ ይላል፣ ያ ለኩሎቹ ነው። ፈትሉን እንደ ፋብሪካው ይንጣ ብላችሁ በረኪና አትንከሩት፤ ክሩን ትጎዱታላችሁ፣ ጥለቱንም ታጠፋላችሁ። ሳቲን ደግሞ ብርሃን ስለሚመልስ ቀለሙን ፊት ላይ ይረጫል፣ ያው ቀለም በቬልቬት ለስለስ ይላል።

ሱሪና ጉርድ ላይ አትጨነቁ፣ ከፊት ይርቃል። የምትወዱት ቀለም የማይሄድባችሁ ከሆነ ወደዚያ አውርዱት። ተሰፍቶ ያለቀ ቀሚስ ከሆነ ደግሞ አንገቱ ዙሪያ የሚሄድባችሁን ቀለም ጥለት ማስገባት ይቻላል፤ ሁለት ጣት ስፋት ይበቃል።