የጠፈር ቴሌስኮፕ ፎቶዎች እንዴት ይነበባሉ?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1995 ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ምንም የሌለበት የሚመስል የሰማይ ቁራጭ ላይ ዓይኑን ተክሎ 10 ቀን ቆየ። ቦታው 100 ሜትር ርቆ የተቀመጠ የቴኒስ ኳስ ቢያክል ነው። የሀብልን ሰዓት ተመራማሪዎች ተሻምተው ነው የሚያገኙት፤ ስለዚህ ሐሳቡ ያልተዋጠላቸው ነበሩ። የሀብልን ሥራ የሚመራው ተቋም ዳይሬክተር የነበረው ሮበርት ዊሊያምስ ግን ለዳይሬክተሩ ከተተወው የራሱ ድርሻ ላይ ሰጠው። 342 ምስሎች ሲደራረቡ ባዶ የተባለው ቦታ 3,000 የሚጠጉ ጋላክሲዎች፣ ማለትም ግዙፍ የከዋክብት ስብስቦች፣ ታጭቀውበት ተገኘ።

ይህን ከምድር ሆኖ ማየት ከባድ ነው። ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉት አየሩ ብርሃናቸውን ስለሚያናውጠው ነው። ለዓይን ከማይታዩት የብርሃን ዓይነቶች አልትራቫዮሌትንና አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ደግሞ አየሩ ጭራሽ አያሳልፍም። ሀብል በ1990 ከአየሩ በላይ የወጣው ለዚህ ነበር። መጀመሪያ ላይ ግን ጉድ ሆነ። 2.4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወቱ ጠርዙ ላይ ከሚገባው በላይ ዝርግ ነበር። ስህተቱ የአንድ ፀጉር ውፍረት 50ኛ እጅ ቢሆን ነው፤ ምስሉን ለማደብዘዝ ግን በቂ ነበር። በ1993 ጠፈርተኞች ሄደው እንደ መነጽር የሚያርም መሣሪያ ገጠሙለት።

ብርሃን ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ከፀሐይ እንኳ 8 ደቂቃ ያህል። ስለዚህ የሩቅ ጋላክሲ ፎቶ የዛሬ መልኩን ሳይሆን የልጅነቱን ያሳያል። የሀብልን ምስል ጠጋ ብሎ ላየው፣ ሩቆቹ ብዙዎቹ ትንንሽና ቅርጻቸው የተዛባ ነው፤ እርስ በርስ የሚጋጩም አሉ። ቅርቦቹ ዘንድ ግን ረጋ ያለ ጥምዝምዝ ቅርጽ ይበዛል። ጋላክሲዎች አንዱ ሌላውን እየዋጠ እንዳደጉ ከዚህ ይነበባል።

ዩኒቨርስ እየሰፋ ስለሆነ የሩቅ ብርሃን በመንገድ ላይ ይለጠጥና ኢንፍራሬድ ሆኖ ይደርሳል። በዲሴምበር 2021 የመጠቀው ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የተሠራው በዋናነት ይህን ብርሃን ለመያዝ ነው። መስታወቱ 6.5 ሜትር ነው፤ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ይሠራል። ዩኒቨርስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ ዌብ ግን ዩኒቨርስ 300 ሚሊዮን ዓመት እንኳ ሳይሞላው የነበሩ ጋላክሲዎችን አሳይቷል። አንዳንዶቹ ከተጠበቀው በላይ ደማቅ ስለሆኑ ሊቃውንቱ ስሌታቸውን እንደገና እያዩ ነው።

ስለ ቀለሙ ደግሞ «ፎቶሾፕ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ካሜራው የተመረጠ ብርሃን ብቻ በሚያሳልፉ ማጣሪያዎች፣ በየማጣሪያው የሚያነሳው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙ በኋላ ይሰጠዋል። «የፍጥረት ዓምዶች» በተባለው ዝነኛ የሀብል የጋዝና የአቧራ ደመና ፎቶ ላይ ሰልፈር ቀይ፣ ሃይድሮጂን አረንጓዴ፣ ኦክስጅን ሰማያዊ ተደርጓል። የሰልፈሩም የሃይድሮጂኑም ብርሃን ለዓይን ቀይ ስለሆነ፣ እንዳለ ቢተው አይለዩም ነበር። በእኔ እይታ ይህ ማታለል አይደለም፤ ካርታ ላይ ባሕሩን ሰማያዊ እንደመቀባት ነው።

ለማንበብ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ምስሉ ላይ የሾለ ጨረር ያላቸውን ፈልጉ። ሀብል ላይ 4፣ ዌብ ላይ 6 ትልልቅና 2 ትንንሽ ጨረሮች ይታያሉ። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ጋላክሲ ከዋክብት ናቸው፤ ጨረሩን የሚፈጥረው የቴሌስኮፑ አሠራር ነው። በጥልቅ ሰማይ ፎቶ ላይ ከእነሱ ኋላ ያለው ሁሉ፣ ነጥብ የምታክለው ሳትቀር፣ ጋላክሲ ነው ማለት ይቻላል።