«ጭቃ ነው እኮ!» ለሚሉኝ ሁሉ

የምሠራው በዌልስ ምዕራብ፣ በፔምብሮክሽር ባሕር ዳርቻ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ሸክላ ቤት ውስጥ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከለንደንና ከካርዲፍ ሐበሾች ይመጣሉ። ደስ ይለኛል። ቡና ይፈላል፣ ወሬው ይደራል። ከዚያ አንዱ ኩባያ ያነሳና ገልብጦ ዋጋውን ያያል። «ለዚህ 28 ፓውንድ? ጭቃ ነው እኮ!» ይህቺን ነገር መስማት በቃኝ። ዛሬ በደንብ እመልስላታለሁ። መጀመሪያ ግን ከእንግዶቼ የምሰማቸውን ሌሎች ስህተቶች በአጭር በአጭሩ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ፖርትሜሪዮን የሚል የታተመበት ሳህን የሚሠራው እዚያው ፖርትሜሪዮን መንደር ነው።» አይደለም። መንደሩ ሰሜን ዌልስ ባሕር ዳር ያለ፣ አርክቴክቱ ክላፍ ዊሊያምስ-ኤሊስ ከ1925 ጀምሮ የገነባው ነው። ሳህኑን የጀመረችው ልጁ ሱዛን ናት። ከባሏ ጋር በ1960 ድርጅቱን ስታቋቁም ፋብሪካው እንግሊዝ፣ ስቶክ-ኦን-ትሬንት ነበር። ቆንጆ ዕቃ ነው፣ ግዙት። ከመንደሩ ሸክላ ሠሪ እጅ ገዛን ግን አትበሉ።

«ብርድ ልብሱ እዚህ ሜዳው ላይ ከሚግጠው በግ ነው።» ሁልጊዜ አይደለም። የዌልስ ተራራ በግ ፀጉሩ ሻካራ ስለሆነ በብዛት የሚሄደው ለምንጣፍ ነው። ሽመናው ግን እዚሁ አለ። ሶልቫ አጠገብ ያለው የሱፍ ፋብሪካ ከ1907 ጀምሮ ይሸምናል፣ ዛሬም ምንጣፉ ይታወቃል።

«ፊሽጋርድ ያለው ረጅሙ ጥልፍ የጥንት ነው።» ታሪኩ ነው የጥንት። በ1797 ወደ 1,400 የሚጠጉ የፈረንሳይ ወታደሮች እዚሁ ፔምብሮክሽር፣ ፊሽጋርድ ከተማ አጠገብ ወርደው ሁለት ቀን ሳይቆዩ እጃቸውን ሰጡ። ጀማይማ ኒኮላስ የምትባል ጫማ ሠሪ መንሽ ይዛ ወጥታ 12ቱን ማረከች ይባላል። ጥልፉ የተጠናቀቀው ለ200ኛ ዓመቱ፣ በ1997 ነው። 30 ሜትር ያህል ይረዝማል። የጠለፉት ከ70 በላይ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ከመሃላቸው ዛሬም በሕይወት ያሉ ስላሉ «የጥንት ሰዎች ሥራ» ስትሉ ይሰማሉ።

«የፍቅር ማንኪያው ሰንሰለት በሙጫ የተያያዘ ነው።» ዌልስ ውስጥ ወጣቶች ለሚወዷት ልጅ ይቀርጹት የነበረ የእንጨት ማንኪያ አለ። ካርዲፍ አጠገብ ባለው ሴንት ፋጋንስ ሙዚየም የሚገኘው አንዱ 1667 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። በባህሉ ሰንሰለቱም፣ በእንጨት ቤቷ ውስጥ የምትንከባለለው ኳስም ከአንድ ግንድ ይፈለፈላሉ። አንዷ ቀለበት ከተሰነጠቀች ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

«ሠዓሊዎቹ በሙሉ ከለንደን የመጡ ናቸው።» ከውጭ የመጣ ሞልቷል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ግሬአም ሰዘርላንድም በ1934 መጥቶ ነው ልቡ እዚህ የቀረው። ግን ሠዓሊዋ ግዌን ጆን በ1876 እዚሁ ፔምብሮክሽር፣ ሐቨርፎርድዌስት ተወልዳ እዚሁ ቴንቢ ነው ያደገችው። ሠዓሊው ወንድሟ ኦገስተስም የቴንቢ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ጭቃው።

ጭቃው ርካሽ ነው፣ እዚህ ላይ እንስማማለን። አንድ ኩባያ ውስጥ ያለው ጭቃ ዋጋው አንድ ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ጭቃው ይታሻል፣ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ ዊል የሚባለው የሚሽከረከር የሸክላ መሥሪያ ላይ ይቀመጣል። ዊል ላይ የሚፈጀው ደቂቃዎች ነው። ቪዲዮ ላይ የምታዩት ይህንኑ ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላችኋል። በማግስቱ ጠንከር ሲል ተገልብጦ ሥሩ ይፋቃል። ጆሮው እንደ ላም ጡት በእርጥብ እጅ እየታለበ ይወጣል። መጋጠሚያው ይቧጨርና በቀጭን ጭቃ ይጣበቃል። ከዚያ ላስቲክ ይለብሳል፣ ምክንያቱም ቶሎ ከደረቀ ጆሮው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትወጣለች። ይህቺ ስንጥቅ አንዳንዴ የምትታየው ከእቶን ስትወጣ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሁሉም ወጪ ወጥቶባታል።

የደረቀው 1,000 ዲግሪ አካባቢ ይተኮሳል። ግሌዝ የሚባለው መስታወት መሰል ቅብ ይቀባና እንደገና ከ1,200 ዲግሪ በላይ ይገባል። ከ2022 ወዲህ መብራት ስንት እንደገባ እዚህ አገር ላላችሁ አልነግራችሁም። ኩባያው ጋለሪ ውስጥ ከተሸጠ ደግሞ ጋለሪው ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይወስዳል፣ ያውም የሚከፍለው ሲሸጥ ብቻ ነው። አንድ ጋለሪ ዕቃዬን ሰመሩን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ደብቆ «አልሄደም» ብሎ መልሶልኛል። ስለዚህ ጋለሪው ግማሹን ሲወስድ ከ28ቱ 14 ይቀራል። ከእሱ ላይ መብራት፣ ኪራይና የተሰነጠቁት ይቀነሳሉ።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ነግሬው አላመነም። «ና ተቀመጥ» አልኩት። ጭቃው ዊሉ መሃል አልቆም አለው፣ ግራ ቀኝ አወዛወዘው። ግድግዳው ቀጥ ሲልለት ደስ ብሎት አንዴ ጫን አደረገውና ተደረመሰ። ማታ ትከሻውን እያሸ ከእኔ ሁለት ኩባያ ገዛ። ዋጋም አልጠየቀም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እኛ ጋ ሸክላ ሠሪን መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ጀበናውን እየወደድን ሠሪዋን ስናሳንስ ኖረናል። ያ ዓይን አብሮን ባሕር ተሻግሯል ብዬ እፈራለሁ። «ጭቃ ነው» የሚለው ነገር ከፈረንጆቹ ይልቅ ከእኛ ሰው ሲመጣ የሚያመኝ ለዚህ ነው።

ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። ዕቃውን ገልብጡትና የሠሪው ማኅተም ወይም ፊርማ ካለው እዩ። ከሌለው «ማን ሠራው?» በሉ፣ ባለሱቁ ካላወቀ መልሱ እሱ ነው። ከተቻለ ከሥራ ቤቱ ግዙ፣ ገንዘቡ ለሠሪው ይደርሳል። ብርዱ ሲገባ ከመጣችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ብዙዎቻችን በር ዘግተን ለሰመር የምንሠራው ያኔ ነው። ኪሳችሁ ካልፈቀደም «ቀንሱልን» ብላችሁ አትከራከሩ። «ሰከንድስ አላችሁ?» በሉ። ግሌዙ ትንሽ የፈሰሰባቸው ወይም ቀለማቸው ያልተስተካከለ ግን ውኃ የማያፈሱ ዕቃዎች ናቸው፣ በቅናሽ ይሸጣሉ። የእኔ መደርደሪያ ከበሩ በስተግራ፣ ታችኛው ነው።