ቅስትና ጉልላት፦ የፒዛ ምድጃ ምን ያቆመዋል?

የናፖሊ ፒዛ የሚበስለው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። ቀልድ አይደለም። ለዚህ የምድጃው ወለል ከ380 እስከ 430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጣሪያው ደግሞ 485 ገደማ መድረስ አለበት። ሙቀቱን ይዞ ከላይ ወደ ሊጡ የሚመልሰው ጉልላቱ ነው፤ አየር የሚገባውና ጭስ የሚወጣው ደግሞ በፊት ለፊቱ ቅስት በኩል ነው። ነገሩ የቆየ ነው። በ79 እ.ኤ.አ. እሳተ ገሞራ በቀበራት ፖምፔ ከጡብ የተሠሩ የዳቦ ምድጃዎች ዛሬም ይታያሉ።

ብዙ ሰው ጉልላት የሚቆመው በሲሚንቶ ይመስለዋል። ቅርጹ ነው የሚያቆመው። አንድ ዙር ጡብ ከተዘጋ በኋላ ጡቦቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ወደ ውስጥ መውደቂያ የላቸውም፤ ስለዚህ ጉልላት ያለ ካሳፎርማም (ከስር ደግፎ የሚይዝ ጊዜያዊ ቅርጽ) ዙር በዙር ይወጣል። ቅስት ግን እንደዛ አይደለም። የመሃሏ ጡብ እስክትገባ ራሱን አይችልም፤ ከኮምፔንሳቶ በተቆረጠ ግማሽ ክብ ላይ ይገነባል።

ልኩ ላይ መቀለድ አያዋጣም። የምድጃው አፍ ከፍታ ከጉልላቱ ውስጣዊ ከፍታ 63 በመቶ ገደማ ይሁን የሚባለው የተለመደ ልክ ነው፤ ጉልላቱ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አፉ 31 ወይም 32 ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ብዙ ከፍ ካለ ሙቀቱ ያመልጣል፣ ብዙ ዝቅ ካለ ደግሞ እሳቱ ይታፈናል።

እሳት የሚችለው ጡብ ለሁለት ይቆረጣል፤ ሙሉው ረጅም ስለሆነ ክቡን አይከተልም። ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ሳንባ ይጎዳል፣ ጡቡን አርጥቡ፣ ጭንብል አድርጉ። ከዚያ በወለሉ መሃል የሚሽከረከር ዘንግ ይተከልና እያንዳንዱ ጡብ በዘንጉ ጫፍ ላይ ተደግፎ ይቀመጣል፤ እንዲህ ሲሆን ሁሉም ከመሃል እኩል ይርቃል። ላይኛዎቹ ዙሮች በጣም ስለሚያዘነብሉ ይንሸራተታሉ፤ አንዳንዱ ግንበኛ ከስር እርጥብ አሸዋ ቆልሎ ይደግፋቸውና ሲጨርስ አሸዋውን በአፉ በኩል ይዝቃል።

ዋናው ጣጣ ቅስቱና ጉልላቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። አፉ የታችኛዎቹን ዙሮች ይቆርጣቸዋል፣ ያልተዘጋ ዙር ደግሞ ጫፎቹ የቅስቱን እግሮች ወደ ጎን ይገፋሉ። በዚያ ላይ የግማሽ ክብ ጉልላት ታችኛው ክፍል በራሱ ወደ ውጭ መከፈት ይወዳል፤ ስንጥቅ ከስር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። መገናኛው ላይ ያሉት ጡቦች በሁለት አቅጣጫ ሰያፍ ሆነው መቆረጥ አለባቸው። ክፍተቱን በሞርታር (ጡብ በሚያያይዘው ድብልቅ) ሞልቶ ማለፍ ቀላል ነው፣ ግን ነገ ያስከፍላል። ከቅስቱ እግር ግራና ቀኝ ጠንካራ ድጋፍ መገንባት ከሁሉም ይሻላል።

ለሞርታሩ ምድጃውን በየቤታቸው ራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ሦስት እጅ አሸዋ፣ አንድ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ኖራና እሳት የሚችል የሸክላ አፈር ይቀላቅላሉ። ሲሚንቶው ለጊዜው ያጣብቃል፤ ሙቀቱ ሲያዳክመው ኖራውና ሸክላው ይረከባሉ።

ግንባታው ካለቀ ቶሎ አታንድዱ። በጡቡ ውስጥ ያለው ውሃ ባንዴ እንፋሎት ከሆነ ያፈነዳዋል። መጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ትንሽ እሳት አንድዱ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ብታዩ አትደንግጡ፣ የሁሉም ምድጃ ነው። እየሰፋ ከሄደ ግን የቅስቱን እግሮች ፈትሹ።