ፐብሊክ ኦፕሽን ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው የጤና ኢንሹራንስ የሚገዛለት አሠሪ የለውም። ራሱ ይገዛል። ኖቬምበር ሲገባ ኦባማኬር በሚባለው የጤና መድን ሕግ የተቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ ይከፈትና ዝርዝሩ ይደረደርለታል፦ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ። ብሮንዙ ወርሃዊ ክፍያው ቀለል ይላል። ነገር ግን ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ሕክምና መሸፈን ከመጀመሩ በፊት ከራስ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜ በሺህ ዶላሮች ነው። ጎልዱ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንዱን መርጦ ይገዛል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ግን የትኛውንም ቢመርጥ ሻጩ የግል ኩባንያ ነው።

ፐብሊክ ኦፕሽን “ከነዚህ ሻጮች መካከል አንዱ መንግሥት ይሁን” የሚል ሐሳብ ነው። ማንም አይገደድበትም። የግሉን የወደደ የግሉን ይገዛል። ስለዚህ “ሜዲኬር ለሁሉም” ከሚባለው ጋር አይምታታ፤ ያኛው ሁሉንም ሰው በአንድ የመንግሥት መድን ሥር አስገብቶ የግሎቹን ከሞላ ጎደል ከጨዋታ የሚያስወጣ ነው። አገር ቤት የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ከነጋዴው ሱቅ አጠገብ ሲከፈት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ዘይቱን ከሸማቾች ያልገዛውም ሰው ይጠቀማል፤ ነጋዴው ዋጋውን እንዳሻው መስቀል አይችልማ።

መንግሥት እንዴት በርካሽ ይሸጣል? ብዙዎች “ለባለአክሲዮን ትርፍ ስለማይከፍል ነው” ይላሉ። እሱም አለበት፣ ግን ትንሹ ምክንያት ነው። ትልቁ ለሆስፒታል የሚከፈለው ዋጋ ነው። በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) በሕግ የተቋቋመውና በዋናነት 65 ዓመት የሞላቸውን የሚሸፍነው ሜዲኬር ዋጋውን በራሱ ይተምናል። የግል ኢንሹራንሶች ግን ከየሆስፒታሉ ጋር ይደራደራሉ፤ በአማካይም የሜዲኬርን እጥፍና ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። ሐኪሙ ያው፣ አልጋው ያው፣ የጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ያው። የሚለየው በሽተኛው ከኪሱ ያወጣው ካርድ ነው። የመንግሥቱ መድን በሜዲኬር ዋጋ ወይም ትንሽ ከፍ አድርጎ ከከፈለ ወርሃዊ ክፍያው ይወርዳል። ለዚህም ነው ሆስፒታሎች ከኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ባልተናነሰ ሐሳቡን የሚፈሩት። ክርክሩ “መንግሥትና የግል ኩባንያ” እየተባለ ሲወራ ይሄኛው ወገን ተረስቶ ይቀራል።

ነገሩ የጦፈው በ2009 ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና መድን ማሻሻያውን ሲያቀርቡ ፐብሊክ ኦፕሽን አብሮ ነበረ። ኩባንያዎቹ “ዳኛውም ተጫዋቹም መንግሥት ከሆነ እንዴት እንወዳደራለን?” አሉ። ሆስፒታሎች ከመንግሥቱ መድን ያጡትን ገንዘብ ከእኛ ደንበኞች ላይ ይለቅሙታል ሲሉም ተከራከሩ። ለእኔ የመጀመሪያው ክርክር ውኃ የሚያነሳ ነው። ሁለተኛው ግን ግማሹ ማስፈራሪያ ይመስለኛል።

የተወካዮች ምክር ቤት በኖቬምበር 2009 ፐብሊክ ኦፕሽን ያለበትን ረቂቅ በ220 ለ215 አሳለፈ። በሴኔቱ ግን 60 ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር አንድ ሰው ካፈነገጠ አለቀ። ያፈነገጡት የኮኔቲከቱ ሴናተር ጆ ሊበርማን ናቸው። የግዛታቸው ዋና ከተማ ሃርትፎርድ በኢንሹራንስ ኩባንያዎቿ የምትታወቅ ናት፤ ትችቱም በዚያው ልክ ዘነበባቸው። “እሺ፣ ከ55 ዓመት ጀምሮ ያሉት ሜዲኬርን ይግዙ” የሚል ማስታረቂያ ሲመጣም አሻፈረኝ አሉ። ሕጉ ያለ ፐብሊክ ኦፕሽን ዲሴምበር 24 በሴኔት አለፈ፤ ማርች 23 ቀን 2010 ተፈረመ። ኩባንያዎቹም ቢሆኑ በነፃ አልወጡም። ከ2014 ጀምሮ “ስኳር አለብህ፣ አንሸጥልህም” ማለት ተከለከሉ። ለግለሰብ ከሚሸጡት ኢንሹራንስ ከሚሰበስቡት ከእያንዳንዱ 100 ዶላርም ቢያንስ 80ው በሕክምናና ጥራቱን በማሻሻል ላይ መዋል አለበት፤ ካልዋለ ልዩነቱን ይመልሳሉ።

ብዙ የማይወራ ነገር አለ። በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው ፐብሊክ ኦፕሽን ራሱ ጥርሱ የወለቀ ነበር። በሜዲኬር ዋጋ እንዳይከፍል ተደርጎ እንደ ግሎቹ ይደራደር ተባለ። የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ ሲያሰላው ገዢዎቹ 6 ሚሊዮን ያህል ብቻ እንደሚሆኑ፣ ወርሃዊ ክፍያውም ከግሎቹ አማካይ እንዲያውም ከፍ እንደሚል ገመተ፤ የበለጠ የሚታመሙ ሰዎች ወደ እሱ ይሄዳሉ በሚል። እንግዲህ ዋጋ የመተመን ሥልጣኑ ሲወሰድበት የቀረው ስሙ ነበር።

ሐሳቡ ከዚያ ወደ ግዛቶች ወረደ። የሚገርመው የሞከሩት ሦስቱም ብዙ የአገራችን ሰዎች የሚኖሩባቸው መሆናቸው ነው። ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ግዛት በ2019 ሕጉን አውጥታ በ2021 ሽፋን መስጠት ጀመረች። ዴንቨርና ኦሮራ ያሉባት ኮሎራዶ በ2023 ተከተለች። የላስ ቬጋሷ ኔቫዳ ደግሞ ለ2026 ደረሰች። በሦስቱም ግን ኢንሹራንሱን የሚሸጡት የግል ኩባንያዎች ናቸው። መንግሥት ደንቡን ያወጣል፣ ዋጋው ላይ ልጓም ያስገባል፤ ካርዱ ላይ ያለው ስም የኩባንያው ነው። ዋሽንግተን ለሆስፒታሎችና ለሐኪሞች የሚከፈለው በጠቅላላው ከሜዲኬር ዋጋ 1.6 እጥፍ (160 በመቶ) እንዳይበልጥ ወሰነች። መጀመሪያ ላይ በርካታ ሆስፒታሎች ጀርባቸውን ሰጡ። በ2021 ሆስፒታሎቹን ወደ ውል የሚገፋ ሌላ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነ። ኮሎራዶ ጠንከር ብላ ኩባንያዎቹ ወርሃዊ ክፍያውን በሦስት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እስከ 15 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘች።

ዋሽንግተን ግዛት ለምትኖሩ፣ ዝርዝሩ ላይ “ካስኬድ ሴሌክት” የሚል ስም ካያችሁ ፐብሊክ ኦፕሽን እሱ ነው። ኮሎራዶ ላይ “ኮሎራዶ ኦፕሽን” ይባላል። ሁልጊዜ ከሁሉም ርካሽ ነው ማለት አይደለም፤ እንደየአውራጃው ይለያያል። በገቢ ልክ የሚሰጠው ድጎማ ለእሱም ይሠራል። ሐኪማችሁ ያንን ካርድ ይቀበል እንደሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ክሊኒኩ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ድረ ገጹ ላይ ያለው የሐኪሞች ዝርዝር ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው።